ከላርክ ጅረት የሾለከ ወሬ

ጃንዋሪ 5፣ 1987፤ ሄለና

የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ዛሬ ተከፈተ። መሐላ፣ ፎቶግራፍ፣ የደረቀ ኬክ። ሁለተኛ ዘመኔ ቢሆንም «ሴናተር ኦስትገርድ» ሲሉኝ አሁንም ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለኛል። ከቤታችን አቅራቢያ ባለችው ዳንቪክ ከተማ አስራ ስምንት ዓመት ያስቻለ ሰው «ዳኛ» ካላሉት ዞር አይልም። ሊዮታ ፔክ ግን እንደ ድሮዋ «ክብርት ዳኛ» ነው የምትለኝ። ያን ሁሉ ዘመን የችሎቴ ጸሐፊ ሆና ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ናት፤ ለዚህ ወቅት የኮሚቴዬ ጸሐፊ አድርጌ አምጥቻታለሁ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ሰፍቷት ስለነበር ጥያቄዬን አላስደገመችኝም።

የምመራው የተፈጥሮ ሀብት ኮሚቴውን ነው። አባላቱ አስር ነን። ገና ከአሁኑ ሁሉም የሚያወራው ስለ አንድ ረቂቅ ሕግ ነው፤ የወርቅ ማውጫው ኩባንያ የላርክ ጅረትን ውሃ በቧንቧ ከሸለቋችን አውጥቶ ተራራውን አሻግሮ እንዲወስድ የሚፈቅደው። አምስቱ ይደግፋሉ፣ አምስታችን እንቃወማለን። ድምፅ እኩል ከሆነ ረቂቁ እዚያው ይሞታል። ኩባንያው የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነው ማለት ነው።

ጅረቱ በእኛም ግጦሽ ያልፋል። ይህን ስብሰባው ሳይጀመር ተናግሬ በቃለ ጉባኤ አስያዝኩ። የሸለቆው ሰው ሁሉ የሚጠጣው ከዚያው ነው፤ ማንም አልተቃወመም።

ማታ ወደ ቤት ደወልኩ። ከብቶቹ ደህና ናቸው። ዳሌህስ አልኩት፣ ደህና ነው አለ። ሃልቮር ደህና ነው ካለ ደህና ነው፤ ባሌ ቃል የሚያባክን ሰው አይደለም።

ጃንዋሪ 14

የኩባንያው ጉዳይ አስፈጻሚ ዌይን ስትሮቤል ይባላል። አጠር ያለ፣ ድምፁ የለሰለሰ፣ ሰው ሲናገር አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚሰማ። እንዲህ ያለውን ሰው ከችሎት አውቀዋለሁ። የሚጮኽ ጠበቃ አስፈርቶኝ አያውቅም፤ የሚያዳምጥ ነው የሚያስፈራኝ።

ዛሬ ምስክር መስማት ጀመርን። አንድ ጥያቄ ይዤለት ነበር፦ ጅረቱን የለካችሁት በረዶ በበዛበት ዓመት ነው፣ ድርቅ ሲመጣስ? ጥያቄው ከአፌ ሳይወጣ ስትሮቤል ተነስቶ የድርቁን ዓመት ልኬት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ክብርት ሰብሳቢዋን ይህ ሳያሳስባቸው እንደማይቀር ገምተን ነው አለ።

ገምተው አይደለም። ጥያቄውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሊዮታና ዴልበርት ኩሊ። ዴልበርት ከጎኔ የሚቀመጠው ሴናተር ነው፣ በግ አርቢ፣ ቀልደኛ፣ በዚህ ረቂቅ ላይ ከእኔው ወገን። ሌላ ሰው አያውቅም። ትናንት በስልክ ሳነብለት ሃልቮር እንኳ «ይሄ ያስጨንቃቸዋል» ብሎኝ ነበር። የተጨነቀ ግን አላየሁም።

ጃንዋሪ 15

ምናልባት በአጋጣሚ ነው። ብልህ ሰው የሚጠየቀውን ያውቃል።

ጃንዋሪ 23

አጋጣሚ አይደለም። የኮሚቴውን አንድ ስብሰባ እዚያው ዳንቪክ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ልናደርገው ከዴልበርት ጋር ተስማምተን ነበር። ማስታወቂያው ሰኞ ሊወጣ ነው። ዛሬ አርብ ነው፣ ኩባንያው ግን ሠራተኞቹን ወደ ዳንቪክ የሚያመላልሱ አውቶቡሶች ቀድሞ ይዟል። ይህን የነገረኝ ራሱ ዴልበርት ነው።

«ዳኛ፣ ከመሃላችን ወንፊት አለ» አለኝ እየሳቀ።

ለምን ሳቀ? ያፈሰሰው እሱ ቢሆን ኖሮ መጥቶ አይነግረኝም። ወይም ደግሞ እንዲህ ብዬ እንዳስብ ነው መጥቶ የነገረኝ።

ጃንዋሪ 29

ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። ሃልቮርን ስለ መንገዱ ጠየቅኩት፤ ከቤታችን እስከ አውራ ጎዳናው ያለውን በረዶ ጎረቤት በትልቅ ማሽን ጠርጎለታል። የትኛው ጎረቤት ስለው «እንዲያው አንድ ደግ ሰው» አለ። የቤርግ ልጆች ይሆናሉ። ዳሌውን የሰበረው የዛሬ ሁለት ክረምት በዚያው በረዶ ላይ ነውና እግዜር ይስጣቸው። ሸለቆው ገና ሰው አልጠፋበትም። የምሟገተውም ለእነዚህ ሰዎች ነው።

ከዚያ ሊዮታን መጠርጠሬን አወራሁት። ሃልቮር ሊዮታ እንዲህ አታደርግም አለ። በጣም ቆፍጠን ብሎ ነው ያለው። ያለ ወትሮው።

ፌብሩዋሪ 4

ሊዮታ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ በታችኛው ኮሪደር ከስትሮቤል ጋር ቆማ አየኋት። እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ነበር። ስደርስ ተለያዩ። ምን ይልሻል አልኳት። ስለ ባሏ ሞት ሰምቶ ሊያጽናናት ነው። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፣ ቆሞ ሰው ያዳምጣል አለች።

በሰው ሐዘን የሚገባ ሌባ አይቻለሁ። በመስኮት ከሚገባው ይልቅ የከፋ ነው።

ፌብሩዋሪ 9

ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላስል አደርኩ። ሊዮታን በደንብ ነው የማውቃት ወይስ ድምፅዋን ብቻ ነው የማውቀው? ያን ሁሉ ዓመት ከጎኔ ስትጽፍ ኖራለች፤ ምን እንደምታስብ ግን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ጸሐፊ አይጠየቅም፤ ይጽፋል። ብቻዋን ናት። የምክር ቤቱ ሥራ በኤፕሪል ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚጠብቃት የለም። ኩባንያው ደግሞ ዳንቪክ ላይ ቢሮ ከፍቶ ሰው እየቀጠረ ነው። ለሰው ክፋት ምክንያት መፈለግ የተጠናወተኝ የሥራ በሽታ ነው እል ነበር። ግን ስንቴ ልክ ሆኛለሁ።

ስለዚህ እንደ ችሎት ላጣራ ወሰንኩ። ሳያጣሩ መፍረድ ለእኔ ነውር ነው። ዛሬ ጠዋት ለሊዮታ ብቻ፣ ለዴልበርት ሳልናገር፣ ኮሚቴው በማርች መጀመሪያ ጅረቱን በአካል ሊጎበኝ ነው ብዬ ነገርኳት። ውሸት ነው። እንዲህ ያለ ጉብኝት የለም። ወሬው ስትሮቤል ጆሮ ከደረሰ በማን በኩል እንደሄደ ግልጽ ይሆናል።

ለሃልቮርም ማታ እንደ ዕለት ወሬ አድርጌ ስለ ጉብኝቱ ነገርኩት፤ ወጥመድ መሆኑን ግን አልነገርኩትም። ነገር ይከብደዋል። ቢያውቅ ስለ ሊዮታ ያዝንና እንቅልፍ ያጣል።

ፌብሩዋሪ 12

ስትሮቤል በምሳ ሰዓት ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ በማርች በላርክ ጅረት በረዶው እስከ ጉልበት ነው፣ ለኮሚቴው አባላት የበረዶ ጫማ ኩባንያው ሊያቀርብ ይችላል አለኝ። ፈገግ እያለ።

ሾርባዬን አልጨረስኩትም።

ፌብሩዋሪ 13

ሊዮታን አሰናበትኳት።

አጭር አደረግኩት። ከኮሚቴው ወሬ እየወጣ መሆኑን፣ ማጣራቴን፣ ያጣራሁትም ወደ እሷ ማመልከቱን ነገርኳት። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እጇ ላይ የነበረውን እርሳስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «እሺ፣ ክብርት ዳኛ» ብቻ አለች። ከዚያ ኮቷን ለበሰች። አንዱን እጅጌ ገልብጣ ኖሮ ሁለት ጊዜ ሞከረችው። ልረዳት ተነስቼ ነበር፤ ግን ተቀመጥኩ።

ንጹሕ ሰው ቢሆን ይሟገት ነበር። ዝም ያለው ስላለበት ነው።

ዴልበርት ሲሰማ ቀልዱን ተወ። «አንቺ ዳኛ፣ ያቺ ሴት ላንቺ ብላ እሳት ትገባ ነበር» አለኝ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ብዬ መለስኩለት፤ ማን ማንን እንዳበላ አንድ ቀን ይታወቃል። ለቀልድ ያልኩት ነው፤ እሱ ግን አልሳቀም። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ ከእኔ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ለምን ተቆርቋሪዋ ሆነ? ይህንም በልቤ ይዣለሁ።

ፌብሩዋሪ 20

ሞቃቱ ነፋስ ነፈሰ፤ ከተማው በአንድ ቀን ከበረዶ ወደ ጭቃ። አዲሷ ጸሐፊ ወጣት ናት፣ ምንም አልነግራትም። ከሊዮታ ምንም የለም። በሳምንት ውስጥ አንድም ወሬ አልሾለከም። ትክክል ነበርኩ።

ፌብሩዋሪ 24

ሾለከ።

ትናንት ሴናተር ክዊል፣ ከአምስቱ ደጋፊዎች በዕድሜ ትንሹ፣ ለብቻዬ አግኝቶኝ መወላወሉን ነገረኝ። አያቱ መሬታቸውን ያረሱት በመስኖ ነው፣ ውሃ ሲወሰድ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ለማንም አልተናገርኩም። ለዴልበርት እንኳ። ዛሬ ስትሮቤል ገና በማለዳ ክዊልን ቁርስ ጋብዞት ነበር። ከቁርሱ ሲመለስ ክዊል ዓይኔን ሸሸኝ።

ሊዮታ ዳንቪክ ናት። ታዲያ ማን?

ፌብሩዋሪ 25

ስልኩ ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም፤ የሆቴሉ ስልክ ተጠልፏል። የክዊልን ነገር ያወራሁት ለሃልቮር ነው፣ ያወራሁትም በዚህ ስልክ ነው። የእጀታውን ክዳን በጥፍር መቁረጫ ፈትቼ አየሁት። ሽቦና አቧራ። ምን መፈለግ እንዳለብኝም አላውቅም። መልሼ ስገጥመው አንዲት ትንሽ ብሎን ተረፈችኝ።

ከእንግዲህ የምደውለው ከነዳጅ ማደያው የሕዝብ ስልክ ነው።

ማርች 1

እጄ በብርድ ደንዝዞ ከማደያው ደወልኩ። ረቂቁ ላይ ድምፅ የሚሰጠው ማርች 12 እንዲሆን ልወስን ነው፣ ደጋፊው ላንግፎርድ በዚያ ሳምንት ለቀዶ ጥገና ስለሚገባ አልኩት ለሃልቮር። አራት ለአምስት ይሆናሉ፤ ረቂቁም በእኩል ድምፅ ሳይሆን በግልጽ ይወድቃል። «እንዲህ ነው እንዴ የምታሸንፊው?» አለኝ።

ተቆጣሁ። ሕጉ የሚፈቅደውን ነው የማደርገው አልኩት። ደክሞሃል፣ ተኛ ብዬ ዘጋሁ።

ማርች 3

ላንግፎርድ ቀዶ ጥገናውን አዘገየው። ስትሮቤል አሳንሰሩ ውስጥ ብቻችንን ሲያገኘኝ ኮፍያውን አወለቀና «ክብርት ሴናተር፣ ክረምት ለአዛውንት ሰው ከባድ ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ ሰው ሲርቅ» አለኝ።

በባሌ እያስፈራራኝ ነው። እነዚህ ሰዎች ቤቴን ያውቃሉ፣ ሃልቮር ብቻውን መሆኑን ያውቃሉ። ከማደያው ስልክስ እንዴት ሰሙ? የሕዝብ ስልክ ማን ይጠልፋል?

የመስመሩ አንዱ ጫፍ ማደያው ነው። እዚያ ሰው አልነበረም።

ከነገ ወዲያ ምክር ቤቱ ለአጭር ዕረፍት ይበተናል። ሳልደውል ወደ ቤት እሄዳለሁ። ሃልቮርን ከአደጋ ማውጣት አለብኝ።

ማርች 6፣ ቤት

እየጻፍኩ ያለሁት በረት ውስጥ፣ ድርቆሽ ላይ ተቀምጬ ነው። ቤት መግባት አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ ነው የደረስኩት። ፀሐይ ነበር። መንገዳችን ከዳር እስከ ዳር ተጠርጓል፣ አውራ ጎዳናው እንኳ እንዲህ አይጠረግም። ድልድዩን ስሻገር ወደ ላይኛው መስክ ቀና አልኩ። በረዶው ላይ ካስማዎች ተተክለዋል፣ በመስመር፣ ከጅረቱ ዳር እስከ አጥራችን። እያንዳንዳቸው ጫፍ ላይ ብርቱካንማ ጨርቅ ይውለበለባል። ቀያሽ የሚተክለው ዓይነት። ስንት የድንበር ክርክር ፈርጃለሁ፤ ካስማ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

ሃልቮር ወጥ ቤት ነበር። ከምርኩዙ ሌላ ሁለተኛ ምርኩዝ ይዟል። ሁለት መሆኑን አላውቅም ነበር። ሲያየኝ አልደነገጠም፤ ሲጠብቀው የኖረ ነገር የደረሰለት ሰው ነው የሚመስለው።

«ካስማው የማነው?» አልኩት።

«ቁጭ በይ።»

«የማነው አልኩህ።»

«ሸጬዋለሁ። ላይኛውን መስክ ከነውሃ መብቱ። በኖቬምበር ነው የፈረምኩት፣ ረቂቁ ካለፈ የሚጸና ውል። መሬቱ የአባቴ ነው፣ በእኔ ስም ነው።»

በኖቬምበር እኔ ምርጫ ላይ ነበርኩ። በየመንደሩ እየዞርኩ ስለ ላርክ ጅረት ስናገር ነበር።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ነግሬሻለሁ አለ። በሴፕቴምበር፣ ይህንን ክረምት ብቻዬን አልችለውም ብዬሽ ነበር፣ አንቺም የቤርግን ልጆች ቅጠር ብለሽ ወደ ስብሰባ ሄድሽ። በምስጋና በዓል ማዕድ ላይም ከተማ ሐኪም ቤቱ አጠገብ ስለሚሸጥ ትንሽ ቤት አንስቼልሽ ነበር፣ ድንቹን አቀብለኝ አልሽኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ያልሰማሁትን ምስክርነት ነበር የሚያነብልኝ።

ወሬውስ? እኔን አሳልፈህ የሰጠኸኝስ?

«ወሬ አላቀበልኩም። ስትሮቤል በየሳምንቱ ይመጣል፣ በመሃሉም ማታ ማታ ይደውልልኛል። መንገዱን ያስጠርግልኛል፣ ይቀመጣል፣ ቡና እንጠጣለን። ሚስትህ እንዴት ናት ይለኛል፣ እነግረዋለሁ። ስላንቺ የሚያወራኝ ሌላ ሰው የለም፣ ሬቫ። ደስ ይለኝ ነበር። ምን እንደሚያደርግበት ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ካወቅኩ በኋላም አላቆምኩም። ይኸው ነው።»

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲባል ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር።

ሊዮታ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሊዮታ።

ማርች 8

ሁለት ቀን በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ባላጋራ ተከራካሪ ኖርን። በር ላይ ስንገናኝ መንገድ እንለቃቀቃለን። ውሉን እንዲያፈርስ ጠየቅኩት፤ አይፈርስም፣ ብችልም አላፈርስም አለ። ደረጃ ሲወጣ ተደብቄ አየሁት። አንዱን እግር ያነሳል፣ ይቆማል፣ ግድግዳውን ይዞ ይተነፍሳል፣ ሌላውን ይጎትታል። ደህና ነው ይለኝ የነበረው ይህንን ነው።

ማርች 10፣ ሄለና

ስትሮቤል ቢሮዬ መጣ። ወንበር ሳልሰጠው ቆሞ ተናገረ። ረቂቁን ብቃወም የባሌ ውል ለጋዜጣ እንደሚደርስ፣ ሰዉም «ሴትዮዋ ዋጋ ስታስወድድ ነበር» እንደሚል፣ ባልቃወም ግን ማንም ምንም እንደማያውቅ። በጣም በጨዋነት ነው የነገረኝ። ከአንገቱ ዘንበል ብሎ መልሴን ጠበቀ።

በሩን አሳየሁት።

ከዚያ ለዴልበርት ሁሉንም ነገርኩት፤ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በጎቹን እንደሚቆጥር ሰው ጣቱን እያንቀሳቀሰ ሰማኝ። ለእሱ ነገሩ ቀላል ነው። ተነስተሽ ውሉን አንቺው ለሕዝብ ተናገሪ፣ ከዚያ «አይሆንም» ብለሽ ድምፅ ስጪ። በገዛ ኪስሽ ላይ የምትሰጪው ድምፅ ነው፣ ማን ይወቅስሻል? ረቂቁም ይሞታል።

«ቤቱ ውል ያለው ዳኛ ከችሎት ይነሳል» አልኩት። «ለዘመዱ ሊፈርድ ቢያስብም፣ በዘመዱ ላይ ሊፈርድ ቢያስብም።»

«ይሄ ችሎት አይደለም። አንቺ ከተነሳሽ እነሱ አምስት እኛ አራት ነን። ጅረቱን እየሸጥሽው ነው።»

ያልነገርኩት ነገር አለ፤ ለዚህ ገጽ ልንገረው። እጄን «አይሆንም» ብዬ ለማንሳት ሳስብ የሚታየኝ ጅረቱ አይደለም። የሃልቮር ፊት ነው፣ ውሉ ሲከሽፍበት። ያ ደግሞ ደስ ይለኛል። በቂም የሚሰጥ ድምፅ ለጅረቱ ነው ማለት አልችልም።

ማርች 12

ተነሳሁ። ውሉን፣ ቀኑን፣ የባሌን ስም፣ የስትሮቤልን ማስፈራሪያ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። የሰብሳቢነቱን ወንበር ለምክትሉ ለቅቄ ወደ ሕዝቡ መቀመጫ ወርጄ ተቀመጥኩ። አዳራሹ ውስጥ ከዳንቪክ የመጡ ሰዎች ነበሩ። የቤርግ ልጆች እናት ከአጠገቤ ነበረች። ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሌላ ረድፍ ሄደች።

አምስት ለአራት። አለፈ። ክዊል ሲደግፍ አንገቱን እንዳቀረቀረ ነበር።

ኩባንያው ስትሮቤልን ዛሬውኑ አሰናበተው። እንግዲህ ሌላ የሚያዳምጥ ሰው ይቀጥራሉ።

ማርች 27

በሙሉ ምክር ቤቱም አለፈ። ገዢው ይፈርማል ይባላል። ጋዜጦቹ ግማሾቹ «ሐቀኛዋ ዳኛ» አሉኝ፣ ግማሾቹ ሌላ። የዳንቪክ ጋዜጣ ላይ አንድ አንባቢ የጻፈው ከሁሉም ይበልጥ ልቤ ገባ፦ ሴትዮዋ በጣም ጎበዝ ናት፣ እጇን ሳታነሳ ሸጠችን።

ዴልበርት ወደ ቀድሞ ቦታው ተመልሶ ተቀምጧል። አይቀልድም፣ ግን ተቀምጧል።

ኤፕሪል 19፣ ዳንቪክ

ዛሬ ፋሲካ ነው። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሊዮታ ቤት ሄድኩ። ከመጣሁ አልመለስም ብዬ ገባሁ እንጂ አጥሩ በር ላይ ብዙ ቆሜ ነበር። ግቢዋ ውስጥ የደረቀ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ እየገረዘች ነበር። ጓንቷን ሳታወልቅ ሰማችኝ። ያደረግኩትን በሙሉ ነገርኳት፣ ወጥመዱንም፣ እንዴት እንደተሳሳትኩም። ይቅርታ ጠየቅኳት።

ሊዮታ መቀሱን ዘጋችው።

«ክብርት ዳኛ፣ ያን ሁሉ ዓመት ከጎንዎ ተቀምጬ ጽፌያለሁ። ለሌባውም ሆነ ለነፍሰ ገዳዩ፣ ቅጣት ከመጣልዎ በፊት ‹የምትናገረው አለህ?› ይሉት ነበር። አንድም ቀን ዘልለውት አያውቁም። እኔን ግን አልጠየቁኝም።»

ከዚያ ጠየቅኳት። የምትናገሪው አለሽ?

«አሁን የለኝም» አለች። «ያኔ ነበረኝ።»

ሳልቀመጥ ተመለስኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ ኬክ አለ ብላ ጠራችኝ። ኬኩን በወረቀት ጠቅልላ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ፤ ግቢ ግን አላለችኝም።

ኤፕሪል 30፣ ቤት

ምክር ቤቱ ተዘጋ። የሴናተርነት ዘመኔ ሊያልቅ ከሦስት ዓመት በላይ ይቀረኛል፤ ከዚያ በኋላ እንደማልወዳደር ለሃልቮር ነገርኩት። የከተማውን ትንሽ ቤት አብረን አየነው። ደረጃ የለውም። ሃልቮር ከክፍል ወደ ክፍል ያለ ችግር ሄደ፣ በመስኮቱ ሐኪም ቤቱን አየ። ፊቱ ለዓመታት ያላየሁት ፊት ነበር።

ዛሬ ከሰዓት ላይኛው መስክ አጥር ላይ ተደግፈን ቆምን። በረዶው ሄዷል፣ ካስማዎቹ በሣሩ ውስጥ ቆመዋል። ጅረቱ ሞልቶ ይጮኻል፤ በሚመጣው በጋ ቧንቧው ይገባል። ታችኛው ሸለቆ ያሉት ከብታቸውን መሸጥ ጀምረዋል። ሱቅ ስገባ ወሬ ይቆማል፤ እኔም ስለ ምን እንደነበር እጠረጥራለሁ፣ እነሱም እንደጠረጠርኩ ያውቃሉ።

ሃልቮር ወደ ውሃው እያየ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ። «ከኮሚቴው ስትነሺ፣ ለእኔ ብለሽ ነበር?»

«አይደለም» አልኩት። «ለሕጉ ነው።»

አንገቱን ነቀነቀ። ምርኩዞቹን አስተካክሎ ወደ ቤት መራመድ ጀመረ።

እኔ እዚያው ቀረሁ። መልሱን የሰጠሁት ጥያቄውን ሳይጨርስ ነበር። ችሎት ላይ ሳለሁ እንዲህ ፈጥኖ የሚመልስ ምስክር ሲገጥመኝ ብዕሬን አስቀምጬ ፊቱን ማየት እጀምር ነበር።